የረድኤት ተረከዝ መሬት የነካ ዕለት

ያንን ሰውዬ ሳስብ እስከ ዛሬ እህል አይወርድልኝም። ለማጋነን አይደለም፣ ባለቤቴ ትመስክር። ስሙን አልጠራላችሁም፤ የሚጠራበት ስም የራሱ መሆኑንም እንጃ። የሆነውን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ በስልካችሁ ያያችሁት ሌላ ነውና።

እኔ የንፋስ መውጫ ሰው ነኝ። ባጃጅ እነዳለሁ። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። ያኔ ልጄ ረድኤት ስድስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። እናቷ እናኑ ምጡ ጠንቶባት ረድኤት ሳታለቅስ ተወለደች፤ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል አሉን። ከዚያ ወዲህ ሰውነቷ ግትር ነው። እግሮቿ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፣ እጆቿ ደረቷ ላይ ይታጠፋሉ፣ ብናቆማት የምትቆመው በጣቶቿ ጫፍ ነው፤ ተረከዟ መሬት ነክቶ አያውቅም። ድንገት ድምፅ ከሰማች መላ አካሏ ይበረግጋል። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነው። የእኔን ባጃጅ ከሌላው ባጃጅ በድምፁ ለይታ ትስቃለች።

ደብረ ታቦር የምታያት ፊዚዮቴራፒስት አለች። ልጅ እግር ናት፤ ትዕግሥቷ ግን ለጉድ ነው። የምታስተምረን ነገር ሁሉ ቀስ ማለት ነው። እግሯን ስትዘረጉ ቀስ በሉ፤ ጡንቻው እምቢ ሲል አትታገሉት፣ እዚያው ይዛችሁ ጠብቁት፣ እሺ ሲል ትቀጥላላችሁ። ስታበሏት ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ ተንጋላ ከበላች ትን ይላታል። አናጢ ጋ ወስደን ማቆሚያ ሰሌዳ አሠርተንላታል፤ ጉልበቷንና ወገቧን በጨርቅ አስረን እናቆማታለን፣ ፊት ለፊቷ መጫወቻ እንሰቅልላታለን፣ እሱን ለመያዝ ስትንጠራራ ወገቧ ይጠነክራል። እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። አንገቷን መያዝ ቻለች። ማንኪያ ይዛ ግማሹን አፏ፣ ግማሹን አገጯ ላይ ማድረስ ጀመረች። ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ባየኝ ቁጥር "አሁንም አልሄደችም?" ይለኛል። ይቺ ጥያቄ እንዴት እንደምታንገሸግሸኝ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ሰውዬው የመጣው። ከአዲስ አበባ መጣ አሉ፤ ከየትም ይምጣ። ገበያው አጠገብ ቤት ተከራየ። ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጥላል፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ሰቅሏል፣ ከሥዕሉ ትይዩ ደግሞ ለቪዲዮ የሚሆን ክብ መብራት ተክሏል። "ዶክተር" ይሉታል። የታሰሩ ልጆችን ይፈታል ተብሎ ከተማው ተናወጠ። እናኑ ሰማችና ሰላም ነሳችኝ።

"እስኪ አንድ ጊዜ ብቻ እንየው" አለችኝ።

"የምታያት አለች አይደል?"

"እሷ እኮ ትሄዳለች ብላን አታውቅም።"

እውነቷን ነው፤ ብላን አታውቅም። አንድም ቀን አልዋሸችንም። ይሄም እንደ ጥፋት ተቆጠረባት።

የማርያም ዋዜማ ጠዋት ይዘናት ሄድን። ሰውዬው ረድኤትን አገላብጦ አያት፤ ሲነካት ቸኮል ቸኮል ይላል።

"ፊዚዮ ታሠሯታላችሁ?" አለኝ።

"ከሕፃንነቷ ጀምሮ።"

ሳቀ። "ወንድሜ፣ እነሱ ቢያድኗት ማንን ሊያዩ ነው?" አለ። ከዚያ ወደ እናኑ ዞሮ ድምፁን አለዘበ። "እህቴ፣ እኔ አምስት ሳንቲም አልቀበልም። ሌላው ወላጅ አይቶ ተስፋ እንዲያደርግ ቪዲዮ ብቻ ፍቀዱልኝ።"

ብር ቢጠይቀኝ ኖሮ ተጣልቼው እወጣ ነበር። አልጠየቀም። እናኑ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ከትንሽ ጠርሙስ ጠቆር ያለ ወፍራም ነገር በማንኪያ ቀዳና ረድኤት አፍ ውስጥ አደረገ።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩት።

"ማርና ሥር ነው። የታሰረ ጅማት ይፈታል። ጥቂት እንጠብቅ።"

ጠበቅን። ረድኤት መጀመሪያ እንደ ልማዷ ትበረግግ ነበር፤ ቆይታ ዝም አለች። ዓይኗ ከደን ከደን አለ። ያን ጊዜ ሰውዬው ጋውኑን አስተካከለ፣ መብራቱን አበራ፣ ረዳቱ የሆነችው ሴት ስልኩን ደገነች። የረድኤትን እግር በዘይት አሸና ከፈተው። እኔ በትዕግሥት፣ ላቤ ጠብ እስኪል ይዤ የምጠብቀው እግር ያለ አንዳች እምቢታ ወዲህና ወዲያ ተከፈተ። እናኑ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ አቆማት። ከኋላዋ ሆኖ ሰፊ ነጠላ አለበሳትና እጆቹን ከነጠላው ሥር አስገብቶ በብብቷ ደገፋት። ስልኩ የሚያየው ከፊት ነው፤ እኔ ግን ከጎን ነበርኩና እጆቹን አይቻለሁ። ይዟታል። ይህን በዓይኔ አይቼ ሳለ ዝቅ ብዬ እግሯን ባይ ሁለቱም ተረከዞቿ መሬት ነክተዋል። ዝርግት ብለው፣ እንደ ማንኛውም ልጅ እግር። የሰውዬውን እጅ ረሳሁት።

እናኑ እልል አለች፣ ከዚያ መሬት ተደፍታ አለቀሰች። ምክንያቱን ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ለማርያም ስለት ነበረባት። ሌላዋ እናት ልጄ ከሄደች ብላ ትሳላለች፤ እናኑ ግን ፊዚዮቴራፒስቷ "መጀመሪያ ተረከዟን መሬት እናስነካ" ስትላት ሰምታ "ተረከዟ መሬት ከነካ ጃንጥላ አገባልሻለሁ" ብላ ኖሯል የተሳለችው። ብዙ መለመን አፍራ። እንግዲህ ነካ፣ ስለቷ ሰመረ። ነገ ደግሞ ማርያም ናት።

ሰውዬው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። "እኔም እመጣለሁ፣ በሕዝብ ፊት ይታይ" አለ። ጠርሙሷን ለእናኑ ሰጣትና "ጠዋት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ማንኪያ ስጧት፣ እዚያ እንዳትገተር" አላት።

ረድኤት ያን ቀን ስትተኛ ዋለች፣ ስትተኛም አደረች። እናንተ እንዲህ ያለ ልጅ ከሌላችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም። የእኛ ቤት ሌሊት የለውም፤ ጡንቻዋ ይኮማተርና እየጮኸች ትነቃለች፣ ተነስተን እናሻታለን። ያን ዕለት ግን ድምጿ አልተሰማም። እናኑ "ዕረፍት ነው፣ ልጄ ዐረፈች" እያለች አጠገቧ ተቀምጣ ታያታለች።

ጠዋት ያቺን ማንኪያ ሰጠቻት። ነጭ ቀሚስ አለበሰቻት፣ አዲሱን ጃንጥላ እኔ ያዝኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የኛ አገር ንፋስ ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው። ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። የማላውቀው ሰው ሁሉ ስልኩን እያሳየ "ይቺ ናት? ይቺ ናት?" ይላል፣ የረድኤትን እግር ይስማል። እናኑ ታቅፋት ቆማለች። ሰውዬው ያለ ጋውን፣ ነጭ ለብሶ፣ ከፊት ተሰልፎ ስልክ ደግኗል።

ቅዳሴው አለቀና ስለት የሚቀበሉት የንስሐ አባታችን አባ ጥበቡ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረቡ። "እመቤታችን ስለታቸውን የሰማችላቸው..." ብለው ጀመሩ። ሕዝቡ እልል አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከእናኑ ክንድ ሥር ሆነው ከበሮውን መቱት።

ረድኤት አልበረገገችም።

ከበሮ ስለምትፈራ እኮ ሁልጊዜ ከአጥሩ ውጪ ነው ይዘናት የምንቆመው። ከሩቅ የተመታ ከበሮ እጆቿን ወደ ላይ ያስወነጭፋታል። አሁን ጆሮዋ ሥር ደለቁት፣ ጣቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጃንጥላውን ለሰው ሰጠሁና ነጠላውን ከፊቷ ገለጥኩ። አፏ ተከፍቷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ አንገቷ የእናቷ ክንድ ላይ ተቆልምሟል። ትንፋሿ ይመጣና ይቆማል፣ ቆይቶ ይመጣል።

"እናኑ፣ ልጂቱ እየሞተች ነው" አልኳት።

"ተኝታ ነው፣ አትቀስቅሳት" አለች እየሳቀች።

ከእጇ ነጠቅኳት። ሰውዬው ስልኩን ሳያወርድ ወደ እኔ ቀረበ። "ተው ወንድሜ፣ ያሰራት መንፈስ እየለቀቀ ነው፤ አትረብሽ" አለኝ። ልብ በሉ፣ ስልኩን ሳያወርድ ነው። የሚሞት ልጅ ፊት ላይ ስልክ ደግኖ። ልመታው ነበር፤ እጄ ላይ እሷ ነበረች።

እናኑ ያን ጊዜ ከንፈሯን አየችና ጮኸች። "ስለቴስ? ሳላደርስ ብሄድ..." ብላ ደግሞ ወደ ጃንጥላው ዞረች። አባ ጥበቡ ሰሟት። ድምፅ ማጉያውን ትተው መጡና ትከሻዋን ገፋ አደረጓት።

"እመቤታችን ለጃንጥላ አትቸኩልም፤ ልጂቱን አድርሱ፣ ሂዱ" አሉን።

ሮጥን። ባጃጄ አጥሩ ሥር ናት። እኔ መሪ ያዝኩ፣ እናኑ ከኋላ ረድኤትን ይዛ ገባች። ኮብልስቶኑ ላይ ስንወርድ ባጃጇ ትዘላለች፣ በዘለለች ቁጥር የረድኤት ራስ ወደ ፊት ይወድቃል። ራሷ ሲወድቅ ትንፋሿ ይዘጋል። እናኑ አገጯን ቀና ስታደርግላት ያ የሚያንኮራፋ ድምፅ ይመለሳል።

"አገጯን ያዢ" እላለሁ።

"ይዣለሁ።"

"ትተነፍሳለች?"

"ዝም በልና ንዳ።"

ድምፁ ሲጠፋ ልቤ አብሮ ይጠፋል፣ ሲመለስ እነዳለሁ። አህያ መንገድ ዘጋብኝ፤ የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሆስፒታሉ በር ላይ እናኑ ከነጫማዋ አልወረደችም፤ አንዱ ጫማ ባጃጁ ውስጥ ቀረ።

ነርሷ ረድኤትን ተቀብላ ወዲያው ኦክስጅን ሰካችላት። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ በባትሪ አየ።

"አባት፣ ምንድን ነው የሰጣችኋት?"

እናኑ ጠርሙሷን ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው። አሸተተው፣ በጣቱ አሻሸው፣ ከሥሩ የዘቀጠውን ነጭ ዱቄት ለነርሷ አሳያት።

"ክኒን ተፈጭቶ ገብቶበታል" አለ። "የሚያስተኛና ጡንቻ የሚያላላ ሳይሆን አይቀርም። ማሩ ጣዕሙን እንዲሸፍን ነው።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሥር የለ፣ ጸሎት የለ፣ የሚፈውስ እጅ የለ። አደንዝዞ እንደ ጨርቅ አለሳለሳት፣ ጨርቁን አንስቶ አቆመው፣ ሰው አየና እልል አለ። በማግስቱ ደግሞ በሕዝብ ፊት አላልቶ ለማሳየት እናቷን በገዛ እጇ መርዝ አስጋታት።

ረጅም ሰዓት ነው የጠበቅነው። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። ነርሷ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ደረቷን ታዳምጣለች። እናኑ አልጋው እግር ሥር ተንበርክካለች። እኔ የረድኤትን እግር ይዣለሁ። ልፍስፍስ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ባዶ። ተረከዙ እጄ ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ስንት ዓመት የለመንኩት ተረከዝ ነው፤ እንዴት እንደጠላሁት።

ወደ ማታ ገደማ አውራ ጣቷ ላይ የሆነ ነገር ሳብ አለኝ። ልቤ ነው አልኩ። ደግሞ ሳበኝ። እግሯ ቀስ እያለ ከእጄ ውስጥ መሸሽ ጀመረ፤ ቁርጭምጭሚቷ ገተር፣ ጣቶቿ ወደ ታች ሹል፣ ተረከዟ ከመዳፌ ተነሳ።

"እናኑ፣ ገተረች" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ልጄ ገተረች። ነይ ንኪ።"

እናኑ እግሯን ነካች፣ ጭኗን ነካች፣ እጇን ነካች። ሁሉም እንደ ድሮው ግትር። እንደገና እልል አለች፤ የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ አበደች ብሎ ወጣ። ነርሷ በሩን በኃይል ዘግታ ስትገባ ረድኤት በረገገች። ያቺን መበርገግ ለዓለም ሀብት አልለውጣትም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስትሰማ መጀመሪያ የረድኤትን አንገት በእጇ ደገፍ አድርጋ አየች። ቀጥላ "ግትርነቱን ብቻ ስታነሱባት ከሥሩ ያለው ድካም ነው" አለችኝ። "አንገቷን ቀና የምታደርገውም፣ የምትተነፍሰውም በዚያው ጉልበት ነው። መድኃኒቱ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ሐኪም በልክ ሲሰጠው ይረዳል። እኛ ግን ግትርነቱን እየለማመጥን ከሥሩ ጉልበት ነው የምንተክለው።" ይሄን የምትለኝ እሷ ናት፤ "ቢያድኗት ማንን ሊያዩ ነው" የተባለላት።

ሰውዬውን ልፈልግ ስሄድ ቤቱ ተቆልፏል። ክብ መብራቱን ይዞ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተሻግሯል አሉኝ። ደወልኩለት፤ አነሳ። "ልጅህ ቆማለች፤ ሕዝብ አይቷል። እምነት ጎድሏችሁ ከመቅደስ ይዛችኋት ሮጣችሁ፣ ተመለሰባት" አለኝና ዘጋው። ፖሊስ ጋ ሄድኩ፣ እንከታተላለን አሉ። ቪዲዮው ሥር "ልትሞት ነበር" ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋውና እኔንም አገደኝ። ከሥሩ "አሜን" የሚለው ሰው ግን አያልቅም።

ከሰውዬው ይልቅ ያስጠላኝ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጎረቤቶቼ። እንኳን ተረፈች የሚል ጥቂት ነው። "ስለቱን ሳታደርሱ ስለሄዳችሁ ነው የተመለሰባት" ይሉናል፤ እናኑ ፊት ለፊት ይሉታል። ጃንጥላውን አባ ጥበቡ በማግስቱ ተቀብለው "ልጅሽ ስለተረፈች ነው፣ ይሄ ይበልጣል" ብለዋታል። እሱን የሚሰማ የለም። አንዷ ሴትዮ ማዘኗ ነው መሰለኝ፣ "ቪዲዮው ላይ ግን እንዴት አምራ ነበር" አለችኝ። አምራ። አፍ አውጥታ እንዲህ አለችኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለ አንድ ነገር ስሙኝ። የሚሠራ ነገር አሰልቺ ነው። ቪዲዮ አይወጣውም። እኔ ረድኤትን ዛሬ ጠዋት አቁሜያታለሁ፣ ነገም አቆማታለሁ፤ ማንም አያጨበጭብም። በአንድ ማለዳ ልጃችሁን የሌላ ሰው ልጅ አስመስሎ የሚያቆምላችሁ ሰው ከመጣ፣ ከነጠላው ሥር ያለውን እጁን እዩ፣ የሚሰጣት ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ የመድኃኒቱን ስም ሳይነግራችሁ አታስነኩ። ይሄው ነው የተለወጥኩት። ድሮ ግትር በሆነው እግሯ ላይ እናደድ ነበር፤ አሁን ስነካው እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።

ይሄን ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከስማዳ፣ ከወገዳ ተነስታ እየጠየቀች ቤቴ መጣች። ወንድ ልጇን አዝላዋለች፤ ከረድኤት ይልቅ የጠና ነው። ስልኳን አውጥታ ያንኑ ቪዲዮ አሳየችኝ። "ይቺ ያንተ ልጅ ናት ብለውኝ ነው ወንድም ጋሼ፤ የት እንደዳነች ንገረኝ" አለች።

አስቀመጥኳት። ረድኤትን አሳየኋት፤ እናኑ ጭን ላይ ሆና ማንኪያ ይዛ ትታገላለች፣ እግሯ እንደተቆላለፈ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ጠርሙሷን፣ ከበሮውን፣ ከንፈሯን፣ ሰውዬው መካነ ኢየሱስ መሻገሩንም። አንድም ጊዜ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ልጇ በየመሐሉ ሲኮማተር እያሻሸች። ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት የኛም ፊት ላይ ያለው ነው፤ የእንቅልፍ ማጣት ነው።

ስጨርስ ቀና አለች።

"እና ያን ሌሊት ሳታለቅስ አደረች?" አለችኝ።

"ልትሞት ነበር እኮ እህቴ።"

"ገብቶኛል" አለች። "አድራለች ወይ ነው ያልኩህ።"

እናኑ ዞር አለች። "አድራለች" አልኳት።

የፊዚዮቴራፒስቷን ስልክ ጽፌ ሰጠኋት፣ በባጃጄ መናኸሪያ አደረስኳት፣ የደብረ ታቦር መኪና ላይ አሳፈርኳት። እንደደረስሽ ደውይልኝ አልኳት፣ እሺ አለች። መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ሰውም የሚሳፈረው በዚያው መኪና ነው። እስካሁን አልደወለችም።